የቪትዝ ቫልቮላ ሞላ፦ አዲስ ኮፒ ወይስ ያገለገለ ኦሪጅናል?

እዚህ ደብረ ማርቆስ ቪትዝ ያለው ወዳጄ ሁሉ፣ መኪናው ሽቅብ ላይ ሚስ ማድረግ (አንዱ ሲሊንደር ሳይተኩስ መንገጫገጭ) ሲጀምር የሚደውለው ለእኔ ሆኗል። መካኒክ ሆኜ አይደለም። በአንዲት ሞላ ሰበብ ከሁሉም በላይ ብር የበላኝ እኔ ስለሆንኩ ነው። አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ የሚደውልልኝን ይህን አስነብበዋለሁ።

መልሱን ላስቀድም፦ ያገለገለ ኦሪጅናል ግዙ። አዲስ ኦሪጅናል እንደሚሻል አልክድም፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። አዲስ ኮፒ ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

የእኔ የተሰበረው ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ስወርድ ከአምስት ወደ አራት ልቀንስ ብዬ እጄ ስቶ ሁለተኛ ውስጥ ከተትኩት። ሞተሩ ጮኸ፣ ቶሎ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ አለፈ። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ከልክ በላይ እንዳይዞር ቤንዚን ይቆርጣል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን ቁልቁለት ላይ ጎማው ራሱ ሞተሩን ሲያሽከረክረው የሚቆርጠው ነገር የለውም። የቪትዟ አንድ ሊትር ሞተር ጉልበቷን የምታገኘው ከመዞር ነው። በደቂቃ 6,000 ዙር ስትዞር እያንዳንዱ ቫልቮላ፣ ማለትም የሲሊንደሩ የአየርና የጭስ በር፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። የሚዘጋው ሞላው ነው። ከዚያ በላይ ስትጮኽ ሞላው ካሙን (ቫልቮላውን ገፍቶ የሚከፍተውን ዘንግ) መከተል ያቅተውና ይንቀጠቀጣል፤ አንዲት ጭረት ካለችበት ከዚያች ይሰነጠቃል።

ደጀንን ወጥቼ ቤቴ ገባሁ፤ ምንም የለም። በሳምንቱ 4,000ን ሳልፍ ሚስ ማድረግ ጀመረች። ቆማ ስትሠራ ግን እንደ ሰዓት ናት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተሰበረ ሞላ ሁለት ቁራጩ እርስ በርሱ እንደ ብሎን ይጠማዘዝና ቫልቮላውን ቀስ ሲባል ይዘጋል፤ ሲፈጥኑበት ነው የማይደርስ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ማሽን ሰክቶ ፒ0303 አወጣ። ሦስተኛው ሲሊንደር አይተኩስም ማለት ነው እንጂ ለምን እንደማይተኩስ አይናገርም። «ጋሼ፣ ኮይል ነው» አለኝ፤ ለካንዴላው የብልጭታ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ማለቱ ነው። አራት ኮይል በ3,500፣ 14,000 ብር። አልተሻለም። «እንግዲያው የቤንዚን ፓምፕ ነው።» 6,500። ጠቅላላ 20,500 ብር፣ የሚስ ማድረጉ ነገር ግን እዚያው። የሚያንገበግበኝ የሦስተኛውን ኮይል አውጥቶ ከአንደኛው ጋር ማቀያየር ብቻ ይበቃ እንደነበር ነው፤ ኮዱ ኮይሉን ተከትሎ ወደ አንደኛው ካልሄደ ኮይሉ ንጹሕ ነው። ዋጋው ዜሮ ብር።

ከዚያ ሌላው ጋራዥ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ለክቶ «ሁሉም ወርዷል፣ ሞተር ይውረድ» አለኝ። ተጠንቀቁ! ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር እዚህ የሚያገኝ ጤነኛ ሞተርም የለም። አራቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተሩ ደህና ነው። የእኔም ተቀራራቢ ነበሩ። ሞላ ተሰብሮም ኮምፕሬሽን ደህና ሊያሳይ ይችላል፣ በማስነሻ ሞተር ብቻ ቀስ ብሎ ስለሚዞር። አንዱ ብቻ በጣም ወርዶ ከተገኘ ግን ቫልቮላው ፒስቶን ነክቶ ተጣሞ ሊሆን ይችላልና ቴስታታው (ቫልቮላዎቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) መውረዱ አይቀርም።

በመጨረሻ ያገኘው አንድ ልጅ እግር መካኒክ ነው። የቴስታታውን ክዳን ከፈተ። ሞላዎቹ በኩባያ (ካሙ በሚገፋው የብረት ቆብ) ስለተሸፈኑ በዓይን አይታዩም፤ እሱ ግን የካሙ አፍንጫ ወደ ላይ ሲሆን እያንዳንዱን ኩባያ በእንጨት እጀታ ጫን ጫን እያደረገ አነጻጸረ። አሥራ አምስቱ እንቢ አሉ፣ አንዱ እንደ ሊጥ ገባ። ቴስታታውንም አላወረደም። በካንዴላው ቀዳዳ የናይለን ገመድ ጠቅጥቆ ፒስቶኑን ወደ ላይ አዞረና ቫልቮላው እንዳይወድቅ ደገፈው። ቴስታታው ሥር የሚገባው ማሸጊያ፣ የጋርኒሲዮን ወጪ ቀረልኝ። «ቴስታታ ካልወረደ አይሆንም» የሚላችሁን ገመድ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። ካሙን የሚያዞረውን ሰንሰለት፣ የካቴናውን ምልክት ሳያደርግ ካሙን የሚፈታ ከሆነ ደግሞ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

እንግዲህ ግዥው። አዲስ ኦሪጅናል አንዱን 1,600 ብለውኛል፤ አሥራ ስድስቱ 25,600፣ ከአንድ ኩንታል የቢቸና ነጭ ጤፍ በላይ። ኮፒው 250፣ አሥራ ስድስቱ 4,000። ዘልዬ ኮፒውን ገዛሁ፤ ካርቶኑ እንኳ ከኦሪጅናሉ ያምር ነበር። የእጅ ዋጋ 5,000 ጨምሬ 9,000። በአራተኛው ወር ሚስ ማድረጉ ተመለሰ። ሲወጡ አንዱም አልተሰበረም፤ አጥረዋል። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ስናቆማቸው ቁመታቸው እንደ ጎረምሳ ጥርስ የተዘበራረቀ። ኮፒው 250 ነው አትበሉ፤ የእጅ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ትከፍሉበታላችሁ።

ያገለገለውን ባሕር ዳር በ400 አገኘሁ፣ 6,400፤ ከእጅ ዋጋ ጋር 11,400። ይኸው 14,000 ኪሎ ሜትር ሄደች፤ ዓባይንም ስንት ጊዜ ወርዳ ወጥታለች። ግን ያገለገለ ሁሉ አንድ አይደለም። ክረምት ሜዳ ላይ የከረመ ቴስታታ ሞላው ዝጎ ይበሳሳል፤ በጥፍራችሁ ዳስሱት፣ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ያለበት ነገ የሚሰበረው እሱ ነው። ከዚያ ሁለት ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ፣ መሐል ብረት አድርጋችሁ ሞርሳ ላይ ጨምቁ፤ ይበልጥ ያጠረው ደካማው ነው። ይህን ሻጩ ፊት ሳደርግ ሳቀብኝ፣ ሁለት ሞላ ግን ቀየረልኝ።

«የተሰበረውን አንዱን ብቻ ብቀይርስ?» የሚለኝ አለ። ይሆናል፣ መኪናዋም ትሄዳለች። ግን አሥራ አምስቱም ያንኑ ጩኸት አብረው ቀምሰዋል፤ ሌላው በወሩ ቢሰበር ደግሞ 5,000። ሲገጠም መጠምጠሚያው የጠበበው ጫፍ ወደ ታች፣ ወደ ቴስታታው መሆን አለበት፤ ዘይት የሚከለክሉትን ትናንሽ ጎማዎችም አብራችሁ ቀይሩ፣ ርካሽ ናቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አምስት ሞላዎች ስንፈታ ልጁ «ጋሼ፣ ካልፈለጉት እኔ ልውሰደው፣ ይሸጣል» አለኝ። ከልክ በላይ የጮኸ ሞተር ሞላ እንዲህ ሆኖ ነው ገበያ የሚወጣው። ስለዚህ በፌስታል የታሰረ ያገለገለ ሞላ አልገዛም፤ ካሙ ከነኩባያው ገና ያልተፈታ ቴስታታ አሳየኝና ከዚያው አውጣልኝ ነው የምለው። እምቢ ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ።