«ይሄ ስክሪን ለጌም አይሆንም» ሲሏችሁ ሞኒተራችሁን እንዳትሰጡ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ጌም ወዳዶች፣ በተለይ ጌም ቤት ከፍታችሁ የምታጫውቱ፣ ሞኒተር ከመለወጣችሁ በፊት ይቺን አንብቧት።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የያዘው ዘዴ አለ። ስሙን አልጠራም። ሰፊ ሞኒተር ገዝታችሁ የቆየ ጌም ስትከፍቱ ምስሉ ይለጠጣል። ተጫዋቹ ይወፍራል፣ ኳሷ እንቁላል ትሆናለች። ግራ ገብቷችሁ ሞኒተሩን ተሸክማችሁ ትሄዳላችሁ። ሰውየው አንዴ ያየውና «አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ ስክሪን ለቢሮ ነው እንጂ ለጌም አይሆንም» ይላል። ከዚያ «ጌሚንግ ነው» የሚለውን ሌላ ሞኒተር ያወጣል። የእናንተን በርካሽ ይይዛል፣ ላዩ ላይ ብር ያስጨምራል።

ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ጌም ቤት ያለው የእህቴ ልጅ የተበላው እንዲህ ነው። ደህናውን ባለ 22 ኢንች ሞኒተሩን ሰጠ፣ 4 ሺህ ብር ጨመረ፣ አዲሱን ይዞ ሐረጎን ወረደ። ሰካው። ያው ነው! ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ላይ ጥግ ያለችው ክብ ካርታ አሁንም ሞላላ ናት። የመኪናው ጎማም እንደዚያው። ደውሎ ሲጠይቅ ደግሞ «ካርድህ ዋይድ አይደለም» ተባለ። የሚሸጡለት የግራፊክስ ካርድም (ምስሉን አዘጋጅቶ ወደ ሞኒተሩ የሚልከው ዕቃ) ተዘጋጅቶ ነበር። ጀመዓ፣ ዋይድ የሚባል ካርድ የለም። የልጁ የድሮ ሞኒተር ግን ባለፈው በሱቁ በኩል ሳልፍ መስኮቱ ላይ ቆሟል፤ «ጌሚንግ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ነገሩ የዕቃ ችግር አይደለም፣ የሂሳብ ነው። የድሮ ጌሞች የተሠሩት ወርዱና ቁመቱ 4 ለ 3 ለሆነ ስክሪን ነው፤ 800 በ600 ወይም 1024 በ768 ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች። የዛሬው ሰፊ ሞኒተር አብዛኛው 16 ለ 9 ነው፤ ፉል ኤችዲ ከሆነ 1920 በ1080። የ4 ለ 3 ምስል እዚያ ላይ በልኩ ሲቀመጥ 1440 በ1080 ይይዛል። ግራና ቀኝ 240 ፒክስል ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሞኒተሩ ያንን ጥቁር ልሙላ ካለ ምስሉን ወደ ጎን በሲሶ ይጎትተዋል፤ ቁመቱ ግን ባለበት ነው። ውፍረቱ የመጣው ከዚህ ነው። ሻጮቹ ጥቁሩን ክፍል እያሳዩ «አየህ፣ ስክሪኑ አይሞላም» ይላሉ። አይሙላ! እኔ በበኩሌ ከወፈረ ሮናልዲንሆ ጥቁሩን እመርጣለሁ።

ማስተካከያው ነጻ ነው። መጀመሪያ ጌሙ ራሱ ሴቲንግ ውስጥ የሞኒተራችሁ ሪዞሉሽን (የፒክስሉ ልክ፣ ለምሳሌ 1920 በ1080) ካለ እሱን ምረጡ። ከሌለ ወደ ግራፊክሱ ሂዱ። ኤንቪዲያ ከሆነ ኮንትሮል ፓኔሉን ከፍታችሁ የዴስክቶፕ መጠንና ቦታ የሚስተካከልበት ገጽ ላይ «አስፔክት ሬሾ» (የወርድና የቁመት ምጣኔ) የሚለውን ምረጡ፤ ሥራውንም ለጂፒዩ፣ ማለትም ለግራፊክሱ ራሱ፣ ስጡት። ኤኤምዲ ላይ የጂፒዩ ስኬሊንግ አብርታችሁ «ፕሪዘርቭ አስፔክት ሬሾ» ትላላችሁ። ኢንቴል ላይ «ሜንቴይን አስፔክት ሬሾ» ነው። የኢንቴሉ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሪዞሉሽኑ ሙሉው ላይ እያለ ምርጫው ላይታይ ይችላል። መጀመሪያ ወደ 1024 በ768 አውርዱት፣ ያኔ ብቅ ይላል። ይህም ካልሆነ የሞኒተሩን ቁልፍ ተጭናችሁ ሜኑው ውስጥ «ዋይድ» ወይም «ፉል» የሚለውን ወደ «4 ለ 3» ወይም «አስፔክት» ቀይሩ።

ዊንዶውስ ፎርማት ካስደረጋችሁ በኋላ ዴስክቶፑም ጭምር ከተለጠጠ ብዙ ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨር (ዊንዶውስ ግራፊክሱን የሚያዝበት ሶፍትዌር) አልተጫነም ማለት ነው። ድራይቨር ይጫን፣ አለቀ። ለዚህ ካርድ አይገዛም።

ሞኒተር ስትገዙ ደግሞ አፍ አትመኑ። ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አሰኩና የዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ «ሪኮመንድድ» የተባለውን ቁጥር እዩ። ትንንሽ ቲቪዎችን ሞኒተር ብለው የሚሸጡ አሉ። ቲቪው 1920 በ1080 ይቀበላል፣ ስክሪኑ ራሱ ግን 1366 በ768 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትንንሽ ፊደል ያለው ጽሑፍ ከፍታችሁ እዩበት፤ ከደበዘዘ ጠርጥሩ። ጀርባው ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥርም በስልካችሁ ፈልጉት። የምስሉን ልክ ለማየት ፔይንት ክፈቱና ሺፍት ተጭናችሁ ክብ ሳሉ። ወርዱንና ቁመቱን በማስመሪያ ለኩ። እኩል ካልሆነ ሻጩ እዚያው አስተካክሎ ያሳያችሁ። «እቤት ስትገባ ይስተካከላል» ካለ ውጡ፤ ደሴ ሱቅ አልጠፋም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ሻጮቹ ባያውቁትም እውነት አላቸው። ፕሌይስቴሽን 4 የምታጫውቱ ከሆነ ያገለገለ 1680 በ1050 ወይም 1440 በ900 ሞኒተር ስትገዙ ተጠንቀቁ። እነዚህ 16 ለ 10 ናቸው፤ ማሽኑ የሚልከው ግን 16 ለ 9 ነው። ሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ልኩን የሚጠብቅ ምርጫ ከሌለው ምስሉ ወደ ላይ ይሳባል፣ ተጫዋቹ ይረዝማል። ፒሲ ላይ ግራፊክሱ ያስተካክለዋል፤ ፕሌይስቴሽን ላይ ግን ያ መንገድ የለም። ማሽናችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሞክሩት።

ደረሰኝ ላይ ደግሞ «ሞኒተር 1» ብቻ ተጽፎ እንዳትቀበሉ። ሞዴሉንና ሪዞሉሽኑን አስጽፉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። የእህቴ ልጅ የያዘው የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ስለነበር ንግድ መምሪያ ሄዶ የሚያሳየው ነገር አጣ።