ባሕር ዳር ላይ የክላውድ ሥራ የሚሠራ ታማኝ ሰው ለምትፈልጉ

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ አንድ ወር ያህል ታግሻለሁ። ቸኩዬ አመስግኜ ነገ ድረ ገጻችን የሚሠራበት ሲስተም ቢወድቅ ሰው አሳሳትኩ ብዬ ፈርቼ ነው። አልወደቀም። ስለዚህ ሲስተሙን ስላስተካከለልኝ ልጅ አሁን ልመስክር።

እዚህ ባሕር ዳር ለብዙ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የመለማመጃ ፈተና የምንሰጥበት ድረ ገጽ አለን። የሚሠራው ክላውድ ላይ ነው፤ ማለትም ከትልቅ ድርጅት በኢንተርኔት በተከራየነው ኮምፒውተር ላይ። ልጆቹ በስልካቸው ይገባሉ፣ ይፈተናሉ፣ የሳቱትን ከነማብራሪያው ያያሉ። ብሔራዊ ፈተናው በኦንላይንም መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ፈላጊው በጣም ጨምሯል። ወረቀት ብቻ የለመደ ልጅ ድንገት ስክሪን ፊት ሲቀመጥ ይደነግጣል፤ የሚያውቀውን ይስታል። ያንን ድንጋጤ ነው ቀድመን ልናወጣለት የምንሞክረው።

የፊዚክሱን ጥያቄ በሙሉ ያዘጋጀው ባለቤቴ ነው። ነፍሱን ይማረው፣ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። እራቱን በልቶ፣ ደብተሩን ዘርግቶ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ ሁለት ጥያቄ ሳይጽፍ አይተኛም ነበር። አሥራ አንድ ደብተር ሞላ። ልጆቻችን ወደ ኮምፒውተር ገለበጡለት። ከደብተሮቹ ሦስቱ በኋላ ውሃ ገብቶባቸው ተበላሹ። የእነሱ ጥያቄ አሁን ያለው ድረ ገጹ ላይ ብቻ ነው። ይህን የምነግራችሁ ምን ይዤ እንደተጨነቅኩ እንድታውቁልኝ ነው።

መጀመሪያ ሲስተሙን ያቆመልን ሰው ሲያወራ ያሳምናል። "ኩበርኔቲስ ላይ ነው የማስቀምጥላችሁ፣ ትልልቆቹ የሚጠቀሙበት ነው፣ አይወድቅም" አለን። ኩበርኔቲስ ብዙ ማሽኖችን አንድ ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ነው። አመንነው። ወደቀ። ስንደውል ዛሬ ነገ ይላል። ሲመጣ ላፕቶፑን ይከፍትና እዚህም እዚያም ይጫናል፤ ሲስተሙ ይነሳል። ምን እንደነካ ግን የትም አይጽፍም። ስንጠይቀው "ለእናንተ ከባድ ነው" ይለናል። አንድ ቀን ሌላ ከተማ ሥራ አገኘና ሄደ። እንዴት እንደተሠራ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነብን። ቀብድ ተቀበለ፣ የይለፍ ቃሉን በቴሌግራም ላኪልኝ አለ፣ ላክሁ። ሁለት ሳምንት ስልኩ አይነሳም። በመጨረሻ ደውሎ "ሁሉም ከዜሮ መጀመር አለበት፣ ዳታው ላይተርፍ ይችላል" አለኝ። እንዲህ ቀለል አድርጎ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። የባለቤቴን ደብተሮች አውጥቼ የቀሩትን ስቆጥር ነጋ።

ሒሳቡ ደግሞ ሌላ ቁስል ነው። ክላውድ የሚከፈለው በዶላር ነው። የሚቆረጠው ውጭ አገር ካለው ታናሽ ወንድሜ ካርድ ላይ ነው፤ እኔ በፋንታው የእናታችንን ወጪ እዚህ በብር እሸፍንለታለሁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ በኋላ ያው ዶላር ከእጥፍ በላይ ብር ሆነብን። በዚያ ላይ የወሩ ክፍያ፣ ቢሉ ራሱ፣ በዶላር ጨመረ። 300 ዶላር ገደማ የነበረው በአንድ ጊዜ ከ650 አለፈ። ተማሪ አልጨመረም። ማንም ለምን እንደሆነ ሊነግረኝ አልቻለም። ወንድሜ የማታ ፈረቃ እየሠራ ነው የሚከፍለው። "ምንም አይደል እህቴ" ይለኛል፤ ድምፁ ግን ያስታውቃል።

ከሁሉ የባሰው የሞዴል ፈተናችን ማታ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ልጆቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲገቡ ሲስተሙ ቀጥ አለ። ኔትወርክ ፍለጋ ከዘጌ በጀልባ መጥታ አክስቷ ቤት ያደረች ልጅ ጻፈችልኝ። "ቲቸር፣ 37ኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። ጠዋት ተመላሽ ነኝ።" ምን ልመልስላት?

ይህ የምመሰክርለት ልጅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የድሮ ተማሪዬ ነው የጠቆመችኝ። ፖሊ የተማረ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ልጅ። ጊዮርጊስ አካባቢ ሐይቁ ዳር ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ላፕቶፕ አልከፈተም። መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህን ነው፦ "ቲቸር፣ አካውንቱ በማን ስም ነው?"

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በእኔ ስም አልነበረም። ለካ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈልበት ቤት ቁልፉ በመጀመሪያው ሰው ኢሜይል ነው።

ልጁ አልተሳደበም፣ አልፎከረም። ለሰውዬው ራሱ ደወለለት። "ወንድሜ፣ ሥራህን ልነቅፍ አይደለም፣ እናታችንን እንርዳቸው" ብሎ በአክብሮት አናገረው። ሰውዬውም በሦስተኛው ቀን መግቢያውን ሰጠ። እኔ ስንት ወር ለምኜ ያላገኘሁትን ማለት ነው።

ስለ ሥራው ያስረዳኝንም ልንገራችሁ። ሁሉም አልገባኝም፤ የገባኝ ግን ገብቶኛል። ሐይቁ ላይ እንጨት የጫነ ታንኳ ያልፍ ነበር። "ቲቸር፣ ያ ሰውዬ ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ሲከብድበት ምን ያደርጋል?" አለኝ። ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል፣ ካረጀ ደግሞ ሌላ ይሠራል አልኩት። "ታንኳው የሚሠራበት ደንገል አለ፣ አሠራሩን ያውቀዋል፣ ስለዚህ ለአሮጌው አይጨነቅም። የእናንተ ግን አሠራሩ የትም አልተጻፈም። ለዚህ ነው ሁሉም ሰው መንካት የፈራው።"

እሱ የሠራው አሠራሩን መጻፍ ነው። ቴምፕሌት ይለዋል። ምን ያህል ማሽን፣ በየትኛው መረብ ውስጥ፣ ማን እንዲገባ ተፈቅዶለት፣ ሁሉም በአንድ ፋይል ላይ በጽሑፍ ይሰፍራል። ፋይሉን ክላውድ ፎርሜሽን ለሚባለው፣ ክላውዱን ለሚያከራየን ለአማዞን አገልግሎት ሲሰጡት እንደተጻፈው አድርጎ ይሠራዋል። አንድ ነገር መቀየር ሲፈልጉ ከመንካቱ በፊት የቱ እንደሚነካ ዘርዝሮ ያሳያል። መሐል ላይ ካልተሳካ ወደነበረበት ይመልሳል። ልጁ ፋይሉን ሲጽፍ በየመስመሩ መጀመሪያ ያለውን ክፍት ቦታ በጣቱ እየነካ ይቆጥር ነበር። ሁለት፣ አራት፣ ስድስት። አንዷ ከተዛነፈች ፋይሉ አይነበብም አለኝ። የተማሪ ወረቀት ሳርም እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ኩበርኔቲስ በግሪክኛ መርከብ የሚመራ ሰው ማለት መሆኑንም ከእሱ ነው የሰማሁት። ምልክቱም የመርከብ መሪ መሽከርከሪያ ነው። በእኛ አሠራር ማሽኖቹን የሚያዘውን መሪ ክፍል የሚጠብቀው አማዞን ነው፤ ቀዛፊዎቹ ማሽኖች ግን የእኛ ኃላፊነት ናቸው። ቢሉ የጨመረበትንም እዚያው ሻይ ላይ ፈታው። የኩበርኔቲሱ ስሪት (ቨርዥን) አርጅቷል፤ አንድ ስሪት በአማዞን መደበኛ ድጋፍ የሚቆየው 14 ወር ነው። ከዚያ ካልታደሰ ለመሪው ብቻ በሰዓት 0.10 ዶላር የነበረው 0.60 ይሆናል። ይህን እኔም ማስላት እችላለሁ። በ30 ቀን 72 ዶላር የነበረው 432። ልዩነቱ 360 ዶላር። የወንድሜ የማታ ፈረቃ የሄደው እዚያ ነው፤ አንድ ሰው በጊዜው ቢያድሰው ኖሮ አይሄድም ነበር። ከምንም ጋር ያልተያያዙ ዲስኮችም ተገኙ፣ ማንም ሳይጠቀምባቸው ወር በወር ክፍያ የሚቆጥሩ።

በእኔ ስም አዲስ አካውንት ተከፈተ። የይለፍ ቃሉን የማስገባበት ሰዓት ሲደርስ ልጁ ከወንበሩ ተነሳ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "እኔ ማወቅ የለብኝም ቲቸር። ለእኔ የሥራዬን ያህል ብቻ የሚያስገባ ሌላ መግቢያ ይሰጡኛል፤ ስጨርስ ይዘጉታል" አለ። ጽፌ እስክጨርስ ወደ ውጭ እያየ ቆመ። በዕድሜዬ ብዙ ባለሙያ ቤቴ ገብቷል። እንዲህ ያደረገ ሰው አላየሁም።

የቅዳሜውን ቀን አልረሳውም። ቡና አፍልቼ ነበር። አዲሱን የሚያቆመው ያን ቀን ነው። ጀበናው ሲንተከተክ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ መስመሮች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። አቦሉን ቀድቼ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። እኔ "አለቀልን!" ብዬ ጮህኩ። መሐል ላይ የተቋረጠ መሰለኝ።

ልጁ ስኒውን አላስቀመጠም። "ቲቸር፣ መብራት የጠፋው እዚህ ነው። ማሽኖቹ ያሉት አየርላንድ ነው፤ ሥራው እዚያ እየሄደ ነው። ይህ ላፕቶፕ ቢዘጋም ይቀጥላል።" ከዚያ ቡናዬን አመሰገነ። ቶናው ላይ መብራት መጣ። ከፈተው። ሁሉም መስመር በአረንጓዴ ተጽፎ ተጠናቋል ይላል። እኔ አለቀስኩ። እሱ በረካውን ጠየቀ።

ዳታውን አሻግሮ ሲጨርስ አሮጌውን ማጥፋት ቀረ። እዚህ ላይ እንቢ አለ። "እርስዎ በዓይንዎ ሳያዩ አልሰርዝም። ከተበላሹት ደብተሮች ውስጥ የሚያስታውሱት ጥያቄ አለ?" አለኝ። አለ። ባለቤቴ ከዓባይ ድልድይ ላይ ስለተወረወረ ድንጋይ የጻፈው ጥያቄ ነው፤ በየዓመቱ ልጆቹ ይስቱታል። ፈለግሁት። ከነምርጫዎቹ፣ ከነማብራሪያው ቁጭ ብሏል። ሌላም አስፈለገኝ፣ ሌላም። አሥራ ሁለት ጥያቄ ከፍተን አየን። ልጁ አንዴም ሰዓቱን አላየም። ከዚያ በኋላ ነው አሮጌውን የሰረዘው። ደግሞም ዳታው ያለበትን ለብቻ አድርጎ፣ ሌላው ሁሉ ቢፈርስ እንኳ እሱ እንዳይሰረዝ ፋይሉ ላይ ጽፎበታል።

ሁለተኛው የሞዴል ፈተና ማታ ሳልጠራው መጣ። ጥግ ላይ ተቀመጠ። 2 ሰዓት ሲሆን ልጆቹ ገቡ። ሁለት የነበሩት ማሽኖች ሦስት ሆኑ፣ አራት፣ አምስት። ማንም አልነካቸውም። ፈተናው ሲያልቅ ደግሞ በራሳቸው ቀነሱ። አንድም ልጅ አልወጣም። የዘጌዋ ልጅ "ቲቸር ጨረስኩ፣ 60ውንም ሠራሁ" ብላ ጻፈችልኝ። መልእክቷን ለልጁ ሰጠሁት። አነበበ፣ ፈገግ አለ፣ ስልኬን መለሰልኝ።

ያለፈው ወር ቢል ከ200 ዶላር በታች ነው። ሒሳቡ ከተወሰነው ሊያልፍ ሲል ለእኔም ለወንድሜም ኢሜይል እንዲመጣ አድርጎታል። በአማርኛ በእጁ የጻፈልኝ ደብተርም አለ። ቢሉ እንዴት እንደሚነበብ፣ ስሪቱ መቼ እንደሚታደስ፣ እሱ ባይኖር ሌላ ባለሙያ ፋይሉን ከየት እንደሚያገኘው። "ከእኔ ጋር ተገደው እንዲቀሩ አልፈልግም፣ ወደው ቢቀሩ ነው የምፈልገው" አለኝ። ወድጄ ቀርቻለሁ። ደብተሩንም ከባለቤቴ ደብተሮች ጎን ነው ያስቀመጥኩት።

እባካችሁ፣ ክሊኒክ ያላችሁ፣ ሆቴል ያላችሁ፣ ትምህርት ቤት ያላችሁ፣ ሲስተማችሁ ክላውድ ላይ ካለ ይህን ልጅ አሠሩት። ካላሠራችሁትም አካውንቱ በማን ስም እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ። ያስከፈለኝ ዋጋ የሚገባው ነው፤ ቀብድም አልጠየቀኝም። አንጀቴን ያራሰ ልጅ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጠው።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ብዙ ሰው በአንዴ ከደወለለት ሥራውን በደንብ መሥራት እንደማይችል ነግሮኛል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። እስከ ሰኞ ግን ታገሱኝ፤ እናቱን ሊያይ ደብረ ታቦር ሄዷል።