ለጎርፍና ለናዳ የትኛውን የሳተላይት ምስል እንግዛ?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራ ሲናድ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትንም ሌላ ናዳ ቀበራቸው። የእርዳታ ድርጅት ምስል ለመግዛት የሚጣደፈው እንዲህ ባለ ቀን ነው፤ ገንዘቡም ያለ ቦታው የሚወጣው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ነጻውን ይመልከቱ። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች የሚያነሱት ምስል አንድ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት ይይዛል፤ ሁለት ሳተላይቶች ተፈራርቀው በየ5 ቀኑ ይመለሳሉ። በአረንጓዴ ተዳፋት ላይ የተላጠ ሰፊ ቀይ አፈር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዳር እስከ ዳር 6 ሜትር የሆነ ጎጆ ግን የአንዱን ፒክስል ሲሶ እንኳ ስለማይሞላ ከጓሮው እንሰት ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። የአሜሪካ ሳተላይቶች የሆኑት ላንድሳት 8 እና 9 ደግሞ በ30 ሜትር ፒክስል በየ8 ቀኑ ስለሚያነሱ ለአስቸኳይ ሥራ አልመርጣቸውም። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠራቀመው የላንድሳት ክምችት ግን ወንዝ አልጋውን ሲቀይር ለመከታተል ወደር የለውም።

በገንዘብ ከሚገኙት ውስጥ ለጎርፍ የፕላኔት ኩባንያ ትንንሽ ሳተላይቶች የሚያነሱትን ፕላኔትስኮፕን አስቀድማለሁ። ፒክስሉ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ድግግሞሽ ያነሳል፤ ውኃ ደግሞ 5 ቀን ቆሞ አይጠብቅም። የፈረሰ ቤት መቁጠር ካስፈለገ ምርጫዬ ዎርልድቪው-3 የተባለው ሳተላይት ነው፤ በ31 ሴንቲሜትር ያ ጎጆ ከዳር እስከ ዳር 20 ፒክስል ያህል ይሆናል። ሻጩ የማይነግርዎት ነገር አለ፤ 31 ሴንቲሜትሩ የጥቁርና ነጩ ምስል ነው። ቀለሙ የሚነሳው በ1.24 ሜትር ሲሆን ኋላ ከጥቁርና ነጩ ጋር ይዋሃዳል። ለቤት ቆጠራ ይህ ችግር የለውም፤ የሰብል ጉዳት ለሚለካ ሰው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የትኛውንም ቢገዙ ቅርብ ኢንፍራሬድ (ዓይናችን የማያየው፣ ከቀይ ቀጥሎ ያለ ብርሃን) ያለበትን ይጠይቁ። አዋሽ አፋር ሜዳ ላይ ሲፈስ ውኃው ደፍርሶ አፈሩን ይመስላል፤ በተለመደው ቀለም ዳርቻውን መለየት ያታክታል። ውኃ ግን ቅርብ ኢንፍራሬድን ስለሚውጥ በዚያ ምስል ጠቁሮ ይለያል።

በክረምት ደመና ከሸፈነ ሁሉም የቀለም ምስል ያው ነው፤ ያኔ ደመና የማያግደውን የሴንቲኔል-1 ሳተላይት ራዳር ምስል (በራዲዮ ሞገድ የሚነሳ) በነጻ ይውሰዱ። ውል ሲፈርሙም የደመናው መቶኛ ለምስሉ በሙሉ ሳይሆን ለእርስዎ ቀበሌ ብቻ እንዲሰላ ያስጽፉ። 10 በመቶ ደመና ያለው ምስል ተብሎ ተገዝቶ፣ ያቺው 10 በመቶ በትክክል ናዳው ላይ ልታርፍ ትችላለች።