የገንዳዬን ውሃ በርጭት ማቀዝቀዝ ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ

ገንዳ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ውጭው ያቃጥላል፤ እስቲ ቀዝቀዝ ልበል ብላችሁ ስትገቡ ውሃው ራሱ ሞቆ ይጠብቃችኋል። የኛ ገንዳ ወደ 40,000 ሊትር ይይዛል። ሙቀቱ በበረታ ሰሞን ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩ 34 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ለውድድር ዋና የሚፈቀደው ከ25 እስከ 28 ነው። ልጆቹ ገብተው ትንሽ እንደዋኙ ድክም ብሏቸው ይወጣሉ።

መጀመሪያ የታሰበኝ በረዶ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን ይህን ያህል ውሃ በ1 ዲግሪ ብቻ ለማውረድ ከ350 ኪሎ በላይ በረዶ ያስፈልጋል። ተውኩት።

ከዚያ መርጫውን ገዛሁ። ቀላል የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ከፓምፑ የሚመለሰው ውሃ ወደ ገንዳው በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ይጠመዳል፤ ውሃውን ወደ ላይ ይረጨዋል፤ ውሃው በአየር ላይ ተበትኖ ተመልሶ ይወድቃል። ሥራውን የሚሠራው ትነት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 580 ሊትር ገደማ ውሃን በ1 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ለኛ ገንዳ 1 ዲግሪ ማለት 70 ሊትር ያህል ውሃ መተነን አለበት ማለት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ቀን ቀን ከፈትኩት፤ ተሳስቼ ነበር። ነፋሱ ርጭቱን ወደ ሣሩ ይወስደዋል፣ ትንሽ የቀዘቀዘውንም ፀሐይዋ መልሳ ታሞቀዋለች። ማታ ከ4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ማድረግ ስጀምር ነገሩ ተለወጠ። ደረቅ በሆነ ሌሊት ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ይወርዳል። በአሥር ቀን ውስጥ የጠዋቱ ውሃ 29 ላይ ተረጋጋ፤ ልጆቹም እንደገና ከውሃው አልወጣም ማለት ጀመሩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ወበቅ ሲሆን ግን ሌላ ታሪክ ነው። አየሩ እርጥበት ጠግቦ ባደረ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሙሉ ሲረጭ አድሮ ግማሽ ዲግሪ እንኳ በግድ ነው የወረደው። ዕቃው ተበላሽቶ መስሎኝ ፈታትቼ አየሁት፤ ምንም አልሆነም። ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። የቴርሞሜትሩን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉትና ማታ ውጭ በማራገቢያ አራግቡት። ረግቶ የሚቆምበት ቁጥር የትነት ወለል ነው፤ ርጭት ውሃውን ከዚያ በታች ሊያወርደው አይችልም። ያ ቁጥር ከገንዳችሁ ሙቀት ብዙም የማይርቅ ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እነዚያን የወበቅ ሌሊቶች ፓምፑን በከንቱ አላደክመውም ነበር።

ማንም ያልነገረኝ ሌላው ነገር ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ነው። ውሃው ሲረጭ በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመልጣል፣ ፒኤቹም ከፍ ይላል። በፊት በሳምንት አንዴ እለካ የነበርኩት ሰውዬ አሁን በየሁለት ቀኑ ነው የምለካው፤ 7.4 የነበረው በአራት ቀን 8 ሲገባ አይቻለሁ። እዚያ ሲደርስ ክሎሪኑ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ አሲድ የምጠቀመው ከበፊቱ እጥፍ ሆኗል። (አሲዱን ፓምፑ እየሠራ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ፤ ከክሎሪን ጋር ደግሞ በፍጹም አታገናኙት።) ውሃውም ይጎድላል፣ ቱቦ ይዞ መሙላት የየሳምንቱ ሥራ ነው። የሚተነው ውሃ ካልሲየሙን ጥሎ ስለሚሄድ የመርጫው ቀዳዳዎች በነጭ ኖራ ይደፈናሉ። ሌሊቱን አቼቶ ውስጥ ሲያድር ይለቃል።

ድምፁ ለኔ ችግር አልሆነም፣ መኝታ ቤታቸው በገንዳው በኩል ለሆነ ግን ይከብዳል።

በሦስተኛው ወር የሚጠመድበት ጥርስ ተሰነጠቀ። ፀሐይ ያደረቀው ፕላስቲክ ነው፤ የሸጠልኝ ሰውም አልለውጥም አለኝ። ይህ አበሳጭቶኛል፣ ዕቃው ፀሐይ ላይ እንደሚውል እየታወቀ ነው የሚሸጠው። አሁን ያለኝ የነሐስ ጥርስ ያለው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ እየፈታሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

በዚያው ወር ከገንዳው ግማሽ በላይ የጥላ ሸራ ወጠርኩ። እውነቱን ለመናገር ከሁለቱ አንዱን ብቻ ግዛ ብትሉኝ፣ በተለይ ወበቃማ ቦታ ለሚኖር፣ ሸራውን ነው የምመርጠው። የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 1,000 ዋት ታፈሳለች፤ ሸራው አብዛኛውን ውሃው ላይ ሳያርፍ ያስቀረዋል። መርጫው የሚያወጣው ግን ከገባ በኋላ ነው። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ በጣም በሞቀው ሳምንት እንኳ ከሰዓት በኋላ ከ30 አላለፈም። ዛሬ ጠዋት 28 ነበር።