የአባቴን ጀልባ ከመሸጥ ላዳኑልኝ መካኒክ

ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስናደድ ነው። ዛሬ ግን ለማመስገን ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጀልባዋ የአባቴ ነበረች። አሮጌ ሞተር ጀልባ ናት፤ ሞተሯ ከኋላ የተንጠለጠለ ሳይሆን ከውስጥ፣ ከወለሉ ስር የተቀመጠ። እሱ ካረፈ በኋላ የምነዳት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ትንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ መሪው ላይ ነበር የሚሰማኝ። ቀጥሎ ወለሉ እግሬን ይነዝረኝ ጀመር። ከዚያ ማርሽ ባስገባሁ ቁጥር ከስር «ጓ!» የሚል ድምፅ መጣ። ወደ ኋላ ሳስገባማ አይወራም፤ ሰው በመዶሻ ከታች የሚደበድበኝ ነበር የሚመስለው። እናቴ አንድ ቀን አብራኝ ተሳፍራ ስትወርድ፣ «እሱን ቀብሬ አንቺን ደግሞ ውሃ ይብላብኝ? ሽጪያት!» አለችኝ።

እሺ፣ አሳያታለሁ አልኩ። መከራዬ ከዚያ ጀመረ። ስም አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

የመጀመሪያው የሞተሩን ክዳን እንኳን ሳይከፍት «ፕሮፔለሩ ነው» አለኝ፤ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋው ማለቱ ነው። ተቀየረ፣ ከፈልኩ። በማግስቱ ያው ጓ። ሁለተኛው ከፍቶ አየ፤ «ቡሎኑ ላልቶ ነው» ብሎ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አጥብቆ ሸኘኝ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ሆነች። ከዚያ ብሶባት ተመለሰች። ሄጄ ስነግረው «እናት፣ ሞተር እኮ ነው፤ ካልተንቀጠቀጠ ሞቷል ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። አብረውት የነበሩትም ሳቁ። የእኔን ፊት ማንም አላየም።

ሦስተኛው ቦታ ደግሞ ምን እንደተባልኩ ታውቃላችሁ? «ባልሽን ላኪውና ለእሱ እናስረዳዋለን።» ባል የለኝም። ቢኖረኝስ? የምነዳው እኔ፣ የምከፍለው እኔ! ለማንኛውም «ሞተሩ አልቋል፣ አዲስ ግዢ» ብለው ሸኙኝ። ያን ቀን ማታ የሽያጭ ማስታወቂያ ጻፍኩ። ስጽፍ አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም።

ማስታወቂያውን አይቶ የደወለ አንድ ሰው ግን አስገረመኝ። ችግሯን ስነግረው ዝም አለና፣ «እህቴ፣ እኔ ብገዛት በርካሽ ነው የምገዛት። ከመሸጥሽ በፊት ለእኚህ ሰውዬ አሳዪያቸው» ብሎ ስልክ ላከልኝ። ዝም ቢል ይጠቀም ነበር። እሱንም እግዜር ይስጠው።

ሰውዬው በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። ሲመጡ እጃቸው ላይ አንድም መፍቻ የለም። «አስነሺው» አሉኝ። አስነሳሁ። አንዱን መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ የተቀመጠበት እንጨት ላይ አሳረፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ማርሽ አስገቢ። አውጪ። አሁን ወደ ኋላ። በቃ፣ አጥፊው።» ከዚያ ቀና ብለው «ሞተሩና ጀልባዋ ተፋተዋል፤ ሁለቱ እጆቼ የሚሰሙት የተለያየ ነው» አሉ።

«ነይ ልጄ፣ አንቺው እዪው» ብለው ጠሩኝ። በሆዴ ተኝቼ በባትሪ እያየሁ ሞተሩን የያዘውን ቡሎን በጣቴ እንዳዞረው አደረጉ። በመፍቻ አይደለም፣ በጣቴ! ዞረ። ወጣ። ጥርሱ ላይ እንደ ረጠበ ካርቶን የሚፈረፈር ቡናማ ነገር ተጣብቆበታል። ለካ እንጨቱ ከላይ ፋይበር ለብሶ ደህና ይመስላል እንጂ ዓመታት በቡሎኑ ቀዳዳ ውሃ እየጠጣ ውስጡ በስብሷል። «ጭቃ ላይ የተተከለ ችካል ነው። ብታጠብቂው ምን ይይዛል?» አሉ። ሞተሩ በተወዛወዘ ቁጥር ፕሮፔለሩን የሚያዞረውን ዘንግም አብሮ ይጎትተዋል፤ ዘንጉ ከጀልባዋ በሚወጣበት በኩል ውሃ ሊያስገባ፣ የነዳጅ ቱቦም ሊያላላ ይችላል አሉኝ። ይሄን ስሰማ የእህቴን ልጆች ጭኜ የወጣሁበት ቀን ትዝ አለኝና ቁጭ አልኩ።

ጥገናውን በደንብ አላውቀውም፣ አትጠይቁኝ። ሞተሩ በሰንሰለት ማንሻ ተነሳ፣ የበሰበሰው ተፍቆ ወጣ፣ በደህና እንጨትና ኢፖክሲ በሚባል የሚጠጥር ማጣበቂያ ተተካ፣ ቀዳዳው እንደ አዲስ ተበሳ፣ ከሞተሩ እግሮች ስር ያሉት ዘይት የበላቸው ጎሚኒዎችም ተቀየሩ። ያየሁት ይሄን ነው።

ሞተሩ ሲነሳ ግን ከአንዱ እግር ስር የታጠፈ ቆርቆሮ ወጣ። በመቀስ የተቆረጠ፣ ጠርዙ የተጠማዘዘ። ወዲያው አወቅኩት፤ የአባቴ እጅ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ። «ማነው ይሄን ያበላሸው?» ይላሉ ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ሌሎቹ ቢሆኑ ይስቁበት ነበር። እሳቸው ግን አገላብጠው አዩትና «ይሄን ያስገባው ሰው ሥራው ገብቶታል። ከፍታውን በልኩ ነው ያገኘው። እንጨቱ ነው የከዳው» አሉ። «አባቴ ነው» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ዘይቱን ጠረጉት፣ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አሁን መሪው አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

ጀልባዋ ውሃ ላይ ስትወርድ ያለቀ መስሎኝ ሒሳብ ላወጣ ስል «ገና ነው» አሉኝ። ለካ ጀልባ ደረቅ ላይ ቆማና ውሃ ላይ ተንሳፋ ቅርጿ አንድ አይደለም። ስለዚህ አድራ መለካት አለባት። በማግስቱ ጠዋት መጡ። ዘንጉና ካምቢዮው በሚገናኙበት መሃል ስስ የብረት ቅጠል እያስገቡ ዙሪያውን ለኩ። የሞተሩን እግር ከፍ ዝቅ የምታደርገውን ዳዶ በትንሹ ዞር፣ እንደገና ልኬት፣ እንደገና ዞር። ከ0.1 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት አልቀበልም አሉ። ከስምንተኛው በኋላ እኔ መቁጠሩን ተውኩት፤ እሳቸው አልታከቱም። ለዚያ ቀን ደግሞ ተጨማሪ አልጠየቁኝም። ብለምናቸውም እምቢ አሉ።

ባለፈው እሁድ እናቴን ይዣት ወጣሁ። ማርሽ አስገባሁ፣ ጓ የለም። ትንሽ እንደሄድን ዞር ብላ «ሞተሩ ጠፋ እንዴ?» አለችኝ።

እባካችሁ፣ ማርሽ ስታስገቡ የሚንኳኳ ነገር ካለ «አጥብቁልኝ» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ቡሎኑ የገባበትንም አስከፍታችሁ እዩ። ከቻላችሁ ደግሞ እሳቸውን አስመጧቸው። ደጋግሜ እላለሁ፣ እሳቸውን አስመጧቸው! ስማቸውን የማልጽፈው «ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጪኝ» ስላሉኝ ነው። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ደውላችሁ ካላነሱ አትቀየሙ፣ ማታ ላይ ሞክሩ። ቀን ቀን ሞተር ስር ተኝተው ነው የሚውሉት።