ጋሽ ቅልጥም እና የጎደሉት አጥንቶቹ

ባለፈው መስከረም ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካለ አንድ የሕክምና ዕቃ መሸጫ የፕላስቲክ አጽም ገዛሁ። ቁመቱ 85 ሳንቲሜትር ነው። 9,000 ብር አሉኝ፣ ተከራክሬ በ8,200 ወሰድኩት። ታክሲ ውስጥ አቅፌው ስገባ ረዳቱ "እናት፣ የሁለት ሰው ነው የምትከፍይው" አለኝ። ተማሪዎቼ ደግሞ ክፍል በገባ በመጀመሪያው ቀን "ጋሽ ቅልጥም" አሉት።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። መገጣጠሚያውን ወድጄዋለሁ። ትከሻው ዙሪያውን ይዞራል። ክርኑ ግን እንደ በር ማጠፊያ ወደ አንድ በኩል ብቻ። ይህን ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬ፣ ልጆቹ በእጃቸው ሲያንቀሳቅሱት ወዲያው ገባቸው።

ጉዱ የመጣው ስንቆጥር ነው። አዋቂ ሰው 206 አጥንት አለው ብዬ አስተምሬያለሁ። አንዱ ልጅ ቆጥሮ ቆጥሮ መቶ እንኳ አልሞላለት አለ። ለካ እጁ ከአንጓው ጀምሮ፣ እግሩም ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ እንዳለ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው፤ በጣቶቹ ላይ መስመር ብቻ ተጭሮበታል። እንዲህ ሲቆጠር የሰው አንድ እጅ 27፣ አንድ እግር 26 አጥንት አለው። አራቱ ሲደመሩ 106። ከግማሽ በላዩ እዚያ ነው እኮ! የግራ የጉልበት ሎሚውም የለችም። ሻጩን ብጠይቀው "እሷ ሁሌም ትወድቃለች" ብሎኝ ዝም።

ጡንቻ የለውም፤ በዚህ ዋጋ አልጠበቅኩም። ግን አጥንት ብቻውን የት ይደርሳል? የልብስ ላስቲክ ገዝቼ ከክንዱ ፊትና ኋላ አሰርኩ። የፊቱ ሲሳብ ክርኑ ይታጠፋል፣ የኋላው ሲሳብ ይዘረጋል። ጡንቻ ይስባል እንጂ አይገፋም፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚሠራውም ለዚህ ነው። "ታዲያ ፑሽአፕ ስሠራ የሚገፋኝ ምንድነው?" አለኝ አንዱ ስፖርተኛ። የኋላውን ላስቲክ ሳብ አደረግኩለት። ክንዱ ቀጥ አለ። ሳቀ።

ፕላስቲኩ የማያሳየው ነገር አጥንት ሕይወት ያለው መሆኑን ነው። ለዚህ ሥጋ ቤት ሄጄ የተሰነጠቀ ቅልጥም አመጣሁ። ውስጡ መቅኔ፣ ጫፉ ላይ ነጭና አንሸራታች ልም አጥንት፣ ጅማቱ ሳይቀር አለ። የዶሮ አጥንትም አቼቶ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ዘፈዘፍን። ካልሲየሙ ወጥቶ እንደ ጎማ ተጣጠፈ። ወጪው ከአጽሙ ጋር አይወዳደርም፣ ልጆቹ ግን እስካሁን የሚያወሩት ስለ ዶሮዋ ነው።

ለመገጣጠሚያ ትምህርት ከሆነ ግዙት። ከመክፈላችሁ በፊት ግን እጁን፣ እግሩንና ጉልበቱን ፈትሹ። የእኛን ጉልበት አንድ ተማሪ በደረቀ ሎሚ ጠግኖታል፣ በማስቲሽ። ለጋሽ ቅልጥም ትንሽ ሰፍታዋለች።