ቲቨር፦ ጃፓን ላላችሁ ሁሉ የምመክረው ነፃ የቲቪ አፕ

ጃፓን ለትምህርትም ለሥራም የመጣችሁ ልጆች ምን እንይ ትላላችሁና ስለ ቲቨር ልጻፍላችሁ። ነፃ ነው፣ ሕጋዊ ነው፣ እኔ በበኩሌ ከኔትፍሊክስ አስበልጬ የማየው እሱን ነው።

ቶኪዮ ያሉት አምስቱ ትልልቅ የግል ጣቢያዎች፣ ኒፖን ቲቪ፣ ቲቪ አሳሂ፣ ቲቢኤስ፣ ቲቪ ቶኪዮ እና ፉጂ ቲቪ፣ ተመልካች ሲሻሙ የኖሩ ናቸው፤ ግን በኦክቶበር 2015 አንድ ላይ ሆነው ይሄን አፕ ከፈቱ። ማታ ያመለጣችሁን ድራማ በማግስቱ ከፍታችሁ ታያላችሁ፣ አብዛኛው ለአንድ ሳምንት ይቆያል ከዛ ይነሳል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የምሽቱን ፕሮግራም በቀጥታም ያስተላልፋል።

እንዴት ነፃ ሆነ ላላችሁ፣ ማስታወቂያ ነው። የሕዝቡ ጣቢያ ኤንኤችኬ ቤቱ ቲቪ ካለው ሰው ሁሉ ክፍያ ይሰበስባል፣ የግሎቹ ግን ከአየር ስርጭታቸው ከተመልካች ምንም አይጠይቁም፣ የሚሸጡት የአየር ሰዓት ነው፤ ወይ ካምፓኒው ፕሮግራሙን ስፖንሰር ያደርጋል፣ ወይ ስፖት የሚባለውን አጭር ማስታወቂያ ይገዛል፣ እሱም አብዛኛው 15 ሰከንድ ነው። ማስታወቂያ ሲቆም ምን እንደሚመጣ በጃንዋሪ 2025 ፉጂ ላይ ታይቷል፤ የአንድ ታዋቂ አቅራቢን ጉዳይ የያዙበት መንገድ ሕዝቡን አስቆጣ፣ ስፖንሰሮቹ ተከታትለው ወጡ፣ ክፍት የቀረውን ቦታ ኤሲ ጃፓን የሚባለው ድርጅት የሕዝብ አገልግሎት ማስታወቂያ ሞላው፣ የፉጂ ሊቀመንበርና ፕሬዚዳንትም ሥልጣን ለቀቁ። ስለዚህ ቲቨር ላይ ማስታወቂያው አይዘለልም፣ ስትመዘገቡም የልደት ቀን፣ ጾታና የፖስታ ቁጥር የሚጠይቃችሁ ማስታወቂያውን ለናንተ እንዲመጥን ለማድረግ ነው። ለኔ ተገቢ ዋጋ ነው።

ቋንቋ ለሚማር ሰው ደግሞ ወርቅ ነው በእውነት። የመዝናኛ ፕሮግራሞቹን እዩ፣ ሰውየው የተናገረው ነገር ወዲያው በትልልቅ ባለቀለም ፊደል ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ጥግ ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ደግሞ ስቱዲዮ የተቀመጡት ሰዎች ሲስቁ ሲደነግጡ ፊታቸው ይታያል፣ ቃሉ ቢያመልጣችሁ እንኳን ስሜቱ ይገባችኋል፣ አቁማችሁ ካንጂውን (ከቻይና የመጣውን ፊደል) መፈለግም ትችላላችሁ። የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ግን አትጠብቁ፣ የጃፓንኛውም ያለው በአንዳንዱ ላይ ብቻ ነው። ድራማ ከሆነ በየሦስት ወሩ አዲስ ይጀመራል፣ ጃንዋሪ፣ ኤፕሪል፣ ጁላይ፣ ኦክቶበር፣ ከመጀመሪያው ክፍል ብትይዙ ይሻላል።

ድራማ አሁን እዚህ ነው የሚታየው። ፉጂ በ2022 ያወጣው ሳይለንት የሚባለው፣ መስማት ያቆመ ወጣትና የድሮ ፍቅረኛው ታሪክ፣ በቲቪ ሬቲንጉ ያን ያህል ሳይሆን ቲቨር ላይ ሪከርድ ሰበረ፣ ሰዉ የተቀረፀበትን የሴታጋያ ዳይታ ባቡር ጣቢያ ለማየት ይጎርፍ ነበር።

ቅር የሚለኝ ከጃፓን ውጭ አለመሥራቱ ነው። የመብት ጉዳይ እንደሆነ ይገባኛል፣ ተዋናዩም ሙዚቃውም ለብቻው ውል አለው፣ ግን እነዚህ ጣቢያዎች እኮ ውጭ መሸጥ ያውቁበታል፣ ቲቪ ቶኪዮ ናሩቶ የሚባለውን አኒሜ ዓለም ሁሉ አሳይቷል፣ የቲቢኤሱ የመሰናክል ውድድር ሳሱኬም ኒንጃ ዋሪየር ሆኖ ስንት አገር ተሠርቷል። ተራው የሳምንት ድራማስ በትንሽ ክፍያም ቢሆን ለምን አይከፈትም? አገሬ ያለችው እህቴ ጋር አብረን ብናይ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

እዚህ ያላችሁ ግን ዛሬውኑ ጫኑት፣ ሳትመዘገቡ ሞክሩት፣ መጀመሪያ የምግብና የጉዞ ፕሮግራሞቹን እዩ፣ ንግግራቸው ቀለል ያለ ነው።